ማንም አልበላትም

ወገዳ፣ ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድዎት ላሳደጉኝ እንጀራ እናቴ፣ ለእቴቴ መስታወት
መካነ ኢየሱስ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ጤፉም ተወቅቶ ገብቷል።

የምጽፍልዎ የባለቤቴ የትዕግስት ውጤት ስለመጣ ነው። ባሕር ዳር ወስጃት ነበር። ለራስ ምታቷ ክኒን እንደዋጠች ሆስፒታሉ በር ላይ እንደ ልማዷ ፊቷ ቀልቶ፣ ገላዋ አባብጦ ወደቀች። እኔ ጤና አዳም የያዘ ሰው ስፈልግ ነርሷ ደም ቀዳች። ሐኪሙ «እንደጣላት ቶሎ ካልተቀዳ ምልክቱ ይጠፋል» አለኝ። ሲሻላት ሊያነጻጽሩት ደግመው ቀዱ። ከዚያ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንቷን በጀሪካን አጠራቅም ተባልኩ። እንዳይሞቅ ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ለምኜ አቅፌው ዋልኩ። ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

ደሙም ሽንቱም አንድ ነገር አሳዩ። ማስት ሴል የሚባሉ የገላዋ ሕዋሶች ሲቆጡ የያዙትን ይለቁባታል፤ የሚጥላት እሱ ነው። «ሰው ያመጣባት አይደለም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ጥያቄዬ አልገባውም። «ማን ያመጣባታል?» አለኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስታም ኀዘንም አልመጣልኝም፤ ተነሥቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነኝ።

ያን ክረምት ትዕግስት ስትወድቅ በጢስ አፍነን «ማን በላሽ?» ስንላት የእርስዎን ስም የጠራችው ሸክላ ሠሪ በመሆንዎ ሰው ሁሉ የሚለውን ሰምታ ነው። መጥራቷን እንኳ አታስታውስም። እርስዎ ግን በማግስቱ ከቤታችን ወጡ። ውጤቱን የነገርኳት ዕለት ማታ ላይ «ይምጡ» አለች።

ይህን ደብዳቤ ቄስ ቻላቸው ያነቡልዎታል። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ጎረቤት ቢሰማ ግድ የለም። ሲመጡም በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ይምጡ። ዕቃዎን ተሸክሜ ከፊት ከፊትዎ እሄዳለሁ፤ ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳይከፋዎ አስቀድሜ ልንገርዎ። ልጄ ሃይማኖት ሰው ባለበት ስትበላ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። ተይ ብላት እምቢ አለች። «ለምን?» ስላት፣ «አንተ አይደለህ እንዴ አባባ፣ እማማ መስታወት እያዩሽ እንዳትበዪ ያልከኝ?» አለችኝ።

እግዚአብሔር በጤና ያገናኘን።

ልጅዎ፣ አሁንም ልጄ ካሉኝ፣
አበጀ