ሐሚዳ ካልደወለች

ውድ ወንድሜ ጋሼ ላጲሶ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሆሳዕና እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው ደብሪቱ ናት፣ ባለፈው ስትመጣ የወንበሯን እግር የሠራህላት፣ ከበራችን ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ። ውኃ ጠፍቶ ከታች ጀሪካን ይዛ ስትወጣ ደረጃው አዳለጣትና ጉልበቷ አበጠ። አልተሰበረም፤ ግን ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ደረጃ አትንኪ አላት። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ እስራት ማለት ነው። ልጇ ሀይሚ ደግሞ የመጀመሪያዋን ወልዳ እዚያ ላምበረት አራስ ቤት ተኝታለች፤ አያትየዋ የልጅ ልጇን እስካሁን ያየችው በስልክ ነው። "ጉልበቴን ሳይሆን ዓይኔን ነው የሰበረው" እያለች ታለቅሳለች፣ ወዲያው መልሳ ትስቃለች።

የደብሪቱን ጉልበት ያስቀደምኩት በከንቱ አይደለም። ያለዚያ ጉልበት ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። በስልክ ያልነገርኩህ ልጄ ሊሊ እንዳትሰማ ብዬ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ መቼም ታውቀዋለህ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ እዚህ ሆነን "ይማርህ" እንላለን።

ነገሩ ስለ ይትባረክ ነው፣ ልጃችንን ሊጠይቅ የዛሬ ሳምንት እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ስላሰበው ልጅ። በአባታችን ቦታ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ "አንቺ አጣሪ፣ እኔ ባንቺ ቃል እመልሳለሁ" ብለኸኛል። አጣራሁ። ቤተሰቦቹ የካ አባዶ ናቸው፣ ጎረቤት አይጠላቸውም። አይጠጣም፣ አይጮኽም። ታዲያ ምን ቀረሽ ትለኝ ይሆናል። ሥራው ነዋ ጋሼ! በየቅዳሜው ሰው በመኪና ጭኖ በረሃ ለበረሃ ማዞር ምን የሚሉት ሥራ ነው? ደግሞ ሁለት ስልክ ይይዛል። አንዱ እንደ ሰው ሁሉ ትልቁ ነው። ሌላዋ ባለ ቁልፍ፣ ትንሽዬ፣ ከደረት ኪሱ የማትወጣ። ይህንን ሊሊ ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ።

"በትንሿ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" አልኳት።

"ለሥራ ናት እማ።"

ለሥራ! የሷም አባት ለሥራ ነው ሲል ሲል እንዴት እንደሄደ አንተ ታውቃለህ። እኔ አንድ ጊዜ አምኜ ጨርሻለሁ።

ታዲያ ደብሪቱ ከመውደቋ በፊት ልጆቿ ልደቷን ብለው በዚሁ ልጅ ጉዞ ላይ አስመዝግበዋት ነበር። ከአዋሽ ወዲያ፣ በረሃው ውስጥ ያለ ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ፣ "ቀላል ነው፣ እናቶችም ይችሉታል" የተባለለት። "እኔ ከአልጋ አልወርድ፣ አንቺ በኔ ስም ሂጂ" አለችኝ። "ልጁ እንደሆነ አያውቅሽም። ሰው የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።" ለሊሊ ለቅሶ እሄዳለሁ ብዬ ዋሸሁና በማለዳ ቦሌ ከሚነሳው መኪና ላይ ደብሪቱ ሆኜ ተሳፈርኩ።

ቀኑን ሙሉ "እትዬ ደብሪቱ" እያለ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ውኃ ይጠጡ፣ እትዬ ደብሪቱ ዱላ ይያዙ። ሰው እንዲህ ሲለሰልስ እኔ ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ገና ከመኪናው እንደወረድን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከሁላችን ተለይቶ አንድ ጉብታ ላይ ወጣና በትንሿ ስልክ ደወለ። ጫማዬን የማስር መስዬ ተጠጋሁ። "እሺ ሐሚዳዬ" ሲል ሰማሁት። "ሰባት ሰዓት ላይ። እንዳትረሺኝ አደራ።"

ሐሚዳዬ! ልጄን አሰብኳት፣ መጋረጃ እየመረጠች ያለችውን።

ስንጥቁን እንዴት ልግለጽልህ። መሬቱ አሸዋ ነው፣ እንደ አልጋ የለሰለሰ። ግራና ቀኙ ቀይ ድንጋይ፣ ውኃ እንደላሰው የለሰለሰ፣ ሽቅብ ሲያዩት መጨረሻ የለውም፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ቀጭን ሆኖ ይታያል። ውጭው እሳት ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ቦታ ሆዴን ስቤ በጎን ነው የገባሁት፣ ሶፋችንን ደረጃ ላይ ስናወጣ እንደተቸገርነው። ከራሳችን በላይ፣ ሁለት ሰው ያህል ከፍታ ላይ፣ ጭድና የዛፍ ቅርንጫፍ በግድግዳው መሀል ተወትፎ አየሁ።

"የምን ወፍ ናት ይህን የምታህል ጎጆ የምትሠራው?" አልኩት።

"ወፍ አይደለችም እትዬ። ጎርፍ ነው ያስቀመጠው።"

ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ ስለ ጎርፍ ያወራል፣ ብዬ በልቤ ሳቅኩበት።

መሀል ላይ እንደ ግቢ ሰፋ ያለች ቦታ አለች። እዚያ አረፍን። ከተጓዦቹ አንዷ፣ ናዲያ የምትባል ልጅ፣ ኋላ ቀርታ እግሯ ድንጋይ መሀል ተይዞ ስትጮህ ይትባረክ ትንሿን ስልክ ሰጠኝ። "በስንጥቁ ውስጥ ኔትወርክ ያለው እዚህ ቦታ ብቻ ነው፣ ከጮኸች ጥሩኝ" ብሎ ሮጠ።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ጮኸች። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ያችን ያህልማ አነባለሁ፤ ሐሚዳ ይላል። ቀዩን ተጫንኩት። ደግማ ጮኸች። ደግሜ ተጫንኩት። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ናዲያን ይዞ ሲመለስ "ደወለች?" አለኝ።

"ማን?"

"ስልኳ ጮኸች ወይ ማለቴ ነው።"

"ማንም አልደወለም" አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

ሰዓቱን አየ። እሱም ደወለ፤ አይገኝም ይላል። ስልኳን ኪሱ ከተተና "ወገኖቼ፣ ይቅርታ፣ እንመለሳለን" አለ።

የተነሳውን ጩኸት አትጠይቀኝ። ከፊታችን ውብ የተባለው ክፍል ቀርቷል፣ ሩብ ሰዓት የማይሞላ። አሌክስ የሚሉት ጎረምሳ "ብሮ፣ ሼም ነው! ጠብታ ውኃ በሌለበት ልትዋኝ ነው እንዴ የፈራኸው?" አለው። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም ይልቅ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ግን እኔ ነበርኩ። "እኔ አሮጊቷ ያልፈራሁትን አንተ ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "ነጠላዬን ላውስህና ተከናንበህ ውጣ!" ሳቁ በግድግዳው እየተጋጨ ተመለሰ።

ፊቱ ቀላ። "ሳቁብኝ፣ ችግር የለም" አለ። "ብቻ እየተራመዳችሁ ሳቁ።" ከዚያ ነገረን። ሐሚዳ ከላይ፣ ውኃው ከሚነሳበት ተራራ ላይ ፍየል የምትጠብቅ የስምንት ልጆች እናት ናት። በቀጠሮው ሰዓት ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ሰማዩን አይታ ትደውልለታለች። "እዚህ ፀሐይ ሆኖ እዚያ ቢዘንብ ጎርፉ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው። ሐሚዳ ካልደወለች እመለሳለሁ። ለማንም ብዬ አላልፍም።"

ደውላለች እኮ! ምን ልትለው እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም፣ እኔ ዘግቼዋለሁ። ተናገር አልኩት አፌን፤ እንቢ አለኝ። ከሁሉ ቀድሜ፣ ያን ጭድ ሽቅብ እያየሁ ወጣሁ።

ያኔ ነው አባባ ትዝ ያለኝ። አንተ ተማሪ ቤት ነበርክ፣ አላየህም። ሁላችሁም የምታውቁት ወንዙ ድንገት ሞልቶ ወሰደው የሚለውን ነው። ድንገት አልነበረም። ከገበያ ስንመለስ ውኃው ደፍርሶ ነበር፣ አባባም ዳር ላይ ቆሞ አመነታ። ቀድመው የተሻገሩት ሰዎች ከማዶ ሳቁበት፣ "ሚስትህን ጥራ ታሻግርህ!" አሉት። እኔ በአጎታችን ትከሻ ተሻግሬ ከነሱ ጋር ቆሜ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። እኔም ሳቅኩ ጋሼ። እኔን አየኝና ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

አርባ ዓመት ይህንን ለማንም አልነገርኩም። ላንተ በቃሌ ልነግርህ ሞክሬ ስንቴ ሌላ ወሬ አውርቼ ተመልሻለሁ።

ከስንጥቁ እንደወጣን ስልኳ ጮኸች። የሐሚዳ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ስልክ ለሁላችን ተሰማ፤ "ምነው ወንድሜ፣ ሁለቴ ዘጋህብኝሳ! ሰማዩ እንደ መስታወት ነው፣ እለፉ ልልህ ነበር እኮ!"

"ማነው የዘጋው?" አለ አሌክስ ተናዶ።

ይትባረክ አንዴ አየኝ። "እኔ ነኝ፣ በስህተት ተጭኜው ይሆናል" አለ። በቃ፣ ይህችን ብቻ።

እንግዲህ አንተ ፍረድ። ስሜን ደብቄ የሄድኩት እኔ፣ ለልጄ የዋሸሁት እኔ፣ ስልክ የዘጋሁት እኔ፤ ግን ስለሱ ነው የሚጣራው። ደግሞ አመሌ አይለቅም፣ መኪና ውስጥ ሆኜ እንኳ "አውቆኝ ይሆን እንዴ እንዲህ የሸፈነኝ?" ስል ነው የመጣሁት።

ይህንን ስጽፍ ደብሪቱ ግድግዳ ይዛ በአንድ እግሯ እየዘለለች ገባች።

"ልጁ ደወለልኝ" አለች። "በመዝገቡ ላይ ያለው የኔ ቁጥር አይደል? 'እትዬ ደብሪቱ፣ የቀረብዎትን መንገድ ሌላ ቅዳሜ ላሳይዎት፤ ስልኬን ግን አላስይዝዎትም' አለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ምን እላለሁ? 'እኔ ከአልጋዬ አልወረድኩም፣ የሄደችው የሊሊ እናት ናት' አልኩት።"

"ደብሪቱ!"

"ኧረ ድምፁ ሲያሳዝን! ከዚያ 'ታዲያ ሽማግሌዎቹን ልላክ ወይስ ልተው? እባክዎን ይደውሉልኝ ይበሏቸው' አለኝ።"

ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ ነገ ጠዋት በሚመጣው ሰው እጅ ይደርስሃል። የትንሿን ስልክ ቁጥር ከታች ጽፌዋለሁ። እንዳነበብክ ደውልለትና ሽማግሌዎቹን ላክ በለው፣ አታሳድረው። ይህ ልጅ ካልተደወለለት የሚመለስ ሰው ነው።

ያኔ ከማዶ የሳቀችው፣
ታናሽ እህትህ
ከቦሌ አራብሳ