ስለ አሸዋ ከረጢቶቹ ተራ

ለተከበሩ አቶ ራልፍ ፔምበርተን
የኤልምቤክ መንደር ምክር ቤት ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቤትዎ ደረቅ፣ ምድጃዎም ሙቅ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የወፍጮ ሰፈር ሰዎች ወንዙ ከትናንት ጀምሮ ሞልቶብናል፤ ይህን የምጽፍልዎም እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው።

አንደኛ፣ በየስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምረው ቁልቁል የሰፈሩን ሁሉ ስም ሲጠሩ ቆይተው፣ እኛ ጋ ሲደርሱ ጉሮሮዎን ጠርገው «በመጨረሻ፣ ግን ከማንም የማያንሰው የወፍጮ ሰፈር» ስለሚሉን ከልብ እናመሰግናለን። አባባሉ እኛ እንግሊዞች ንግግር ስንዘጋ፣ መጨረሻ የተጠራው ሰው ቅር እንዳይለው የምናባብልበት ነው፤ ለኬክ ጋጋሪዎችና ለመዘምራን ምስጋና ሲቀርብ እኔም እጠቀምበታለሁ። የገና መብራትም ከላይ ወደ ታች ስለተሰቀለ የሞተ ሰው የለም። ጎርፍ የሚከተርበት የአሸዋ ከረጢት በዚሁ ተራ ሲታደል ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግራ ይገባናል፤ ውሃው ስብሰባዎ ላይ ስላልተገኘ የሚጀምረው ከታች ነው።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሞድ ክላፍ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ የሚተኙትም ምድር ቤት ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ወደ ፎቅ ልናወጣቸው ሞክረን አልቻልንም። የነፍስ አድን ጀልባ እስኪመጣ በራቸውን የምንከትርበት ከረጢት እንዲልኩልን ዛሬ ጠዋት በስልክ ስለምንዎ፣ ከረጢት የሚያድለው መኪና ገና የቄሱን ግቢ እየጨረሰ መሆኑን ገልጸው፣ ለወይዘሮ ሞድ ተራቸው እንደሚደርስ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ነገርኳቸው።

«ተራዬማ ደርሷል፤ አልጋዬ ሥር ገብቷል» አሉኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

እኔ ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ ተናድጃለሁም። ሦስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን አሁን ወይዘሮ ሞድ ከግድግዳው ወዲያ እየጠሩኝ ስለሆነ ልተወው።

ለመንደራችን ወግ ያለዎትን የማይናወጥ ታማኝነት እያደነቅሁ፣ ለመላው ቤተሰብዎም ጤናንና ደረቅ ወለልን እየተመኘሁ፣

እርጥብ ካልሲ አድርጋ የምታከብርዎ
ኖርማ ሂንችክሊፍ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያገኙት ደጃፍዎ ላይ ተደርድረው የነበሩት ከረጢቶች ቦታ ላይ ነው። ከረጢቶቹን እኔና ጎረቤቶቼ በትራክተር ጭነን ወስደናቸዋል፤ የወይዘሮ ሞድ በርም ተከትሯል። ይመለሱልኝ የሚሉ ከሆነ ወርደው ራሳቸውን ወይዘሮ ሞድን መጠየቅ ይችላሉ፤ ቦት ጫማ ግን ያድርጉ።