ጥርስ እስኪረግፍ

ወልደየስ፣ ቻይንኛ ተማርኩልህ። እሺ፣ አራት ቃል ብቻ ነው።

እዚህ ባህር ማዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ የእህቴ ልጅ የብርቅነሽ ጎረቤት፣ ጥርስ የሌላቸው ቻይናዊ ሽማግሌ አሉ። አንድ ጊዜ ከባድ በረዶ ሲጥል ሚስታቸውን ሆስፒታል ያደረሰችላቸው እሷ ናት። ዛሬም መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ወጥተው፣ እጅ ነስተው አራቱን ቃል ይሏታል፤ «ጥርሴ ረግፎ እስኪያልቅ ውለታሽን አልረሳም» ማለት ነው። እኔም ምሳ ሲጋብዙኝ ይህንኑ አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ለሩዝ አይባልም፤ ለትልቅ ውለታ ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ብርቅነሽ እየተረጎመችልኝ። እኛ ጋ ለአንድ ብርሌ ጠጅም እንምላለን፤ ቃሉን እንዲህ የሚቆጥብ ሰው ግን ደስ ይላል።

የማታ ክፍላችንን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ የፖስታ ካርዱ ቦታ እያለቀብኝ ነው። የሽማግሌውን ጥርስ በወሬዬ ያረገፍኩት እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ሙሉ ነው። የረገፈው የእኔ ነው። ወደ ክፍሉ እየጎተትክ ፊደል ያስቆጠርከኝን ግን፣ ይኸው በገዛ እጄ ጽፌልሃለሁ፣ አልረሳሁም።

እንዳልክ