ከቅዳሜ ወዲህ ምን ነካት ለምትሉ ደጋፊዎች

ለክቡር አቶ ታምራት
የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በየጨዋታው ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚጮኹት የማኅበርዎ አባላትም በሙሉ ጤና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ክፉ ወሬ ከደጃችሁ አይድረስ፤ መድረሱ ካልቀረ ደግሞ አምላክ በዚያው ዕለት የሚነግራችሁ ዘመድ ይስጣችሁ።

እኔ ዓመለወርቅ እባላለሁ፤ አረካ ከተማ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የቡድናችሁ ከርቀት አስቆጣሪ የበእምነት አክስት፣ የእናቷ የአዛለች ታላቅ እህት ነኝ። በእምነት ለሁለተኛው ዙር የመክፈቻ ጨዋታ «በሙሉ ሞራል» እንድትመለስ እንድመክራት በማኅበሩ ማኅተም አስደግፋችሁ የላካችሁት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ልጅቷ አቋም መውረድ በአደባባይ ስትከራከሩ ስለከረማችሁ፣ መልሴን በፖስታ አሽጌ መላክ ክብራችሁን መቀነስ መስሎ ታየኝና ሁሉም እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁ። ምስጋናዎቼም እንዳይደባለቁብኝ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

፩. ለቅሶ ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ። እህቴ ታምማ ብዙም አልቆየች፤ ዓርብ ማታ አረፈች። ልጇ ከቡድኑ ጋር ሶዶ ካምፕ ገብታ ነበርና ቅዳሜ ማለዳ ሰው ልከን ልናስመጣት ስንሰናዳ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ እናንተ በሚኒባስ ደረሳችሁ። ከዚያ እርስዎ የእናታችንን ወንድም ጋሽ ወልደመስቀልን በክብር ክንዳቸውን ይዘው ከጓሮ ወዳለው እንሰት ወሰዷቸው፤ «ዛሬ ከባድ ጨዋታ አለባት፤ ዙሩ እስኪያልቅ ብቻ መርዶው ይቆይላት» ብለው ለመኗቸው። ጋሽ ወልደመስቀል እንግዳን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፤ እሺ አሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር አስከሬኑ አጠገብ ነበርኩ፤ የጠየቀኝ የለም።

በእኛ አገር መርዶ የሚቆየው ሰው ብቻውን በመንገድ ላይ ሰምቶ እንዳይወድቅ፣ ወገን ተሰብስቦ በማለዳ ደግፎት እንዲሰማ ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያስቡ የጨዋታ መርሐ ግብር የሚባል ነገር ስላልነበራቸው ልማዱ ጎደሎ ሆኖ ኖሯል፤ እናንተ ሞላችሁልን። ለበእምነትም እናቷ ለሕክምና አዲስ አበባ እንደሄደችና ስልኳ እንደተበላሸ ተነገራት። ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ያገራችን ሰው፤ ለእኛ ግን ከሞቱ መርዶው ባሰ።

፪. ለክርክራችሁ ጥልቀት አመሰግናለሁ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበሩት ጨዋታዎች በእምነት የወረወረችው ሁሉ ብረቱን እየመታ ሲመለስ፣ በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ «ከቅዳሜ ወዲህ ምን ነካት?» የሚል ትልቅ ጥያቄ ተነሣ። አንዱ አዲሱ ጫማዋ ነው አለ። ሌላው ቤሌ ከተማ ውስጥ ፍቅረኛ ይዛ ልቧ ሸፍቷል አለ። ዓይን በልቷታልና ጠበል ትወሰድ ያሉም አልጠፉም፤ ከሁሉ የሚሻሉት እነርሱ ነበሩ፤ ቢያንስ ልጅቷን አልሰደቧትም። የማኅበሩ ተንታኝ ናኦል ደግሞ ስትወረውር ክርኗ ወደ ውጭ እንደሚከፈት በሥዕል አስደግፎ አስረዳ። ጽሑፉን እንደ መምህርነቴ አርሜዋለሁ፤ ሥርዓተ ነጥቡ እንከን የለውም። ናኦል ከቀብር መልስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ንፍሮ የቆረጠመ ልጅ ነው። በመጨረሻም ደጋፊው ድምፅ እንዲሰጥ ምርጫ ቀረበ፤ ጫማ፣ ፍቅር፣ ክርን፣ ዓይን፣ ትዕቢት። ትዕቢት አሸነፈ።

የማያውቁት ቢሳደቡ አልቀየማቸውም። የምታውቁት ግን የእያንዳንዱን ግምት ደካማ ጎን እየነቀሳችሁ ስትከራከሩ ሳነብ፣ ሰው ባዶነቱን በሚያውቀው ቤት ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ ሊፈልግ እንደሚችል ገረመኝ።

እህቴ አዛለች የቅርጫት ኳስ ሕግ አታውቅም ነበር። አረካ ገበያ ዝንጅብል እየሸጠች ነው ልጇን ያሳደገችው። አንድ ጊዜ ብቻ ሶዶ መጥታ ጨዋታ አይታለች፤ ተጋጣሚዋ በእምነትን ገፍታ ስትጥላት ጃንጥላዋን ይዛ ሜዳ ልትገባ ስትል ያዟት፤ ዳኛውን በወላይትኛ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ከቤቷ ሆና ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ለልጇ ትደውል ነበር። ማን አሸነፈ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ «በልተሻል?» ብቻ ነው። በእምነት ከቅዳሜ ወዲህ ጨዋታው ሲያልቅ ስልኳን ይዛ ጥግ ላይ ትቆም እንደነበር ጓደኞቿ ነገሩኝ። ይህን ከተንታኞቻችሁ መካከል ያየው የለም፤ ሁሉም ክርኗን እያዩ ነበር።

፫. ለጭብጨባችሁ አመሰግናለሁ። ሶዶ ላይ ኳስ የሳተ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በእምነት በስድባችሁ ያደገች ልጅ ናት፤ «አንቺ እንቅልፋም፣ ንቂ!» ስትሏት እየሳቀች ነበር የምታስቆጥረው። ከቅዳሜ በኋላ ግን ስትስት፣ ከኋላ ያለው የማያውቀው ሕዝብ ሲሰድባት፣ ከፊት የተቀመጣችሁት የምታውቁት ቆማችሁ አጨበጨባችሁላት። አሰልጣኟ መቆጣት ተዉ። ካምፕ ውስጥ የወጥ ቤቷ ሴትዮ ሥጋ አብዝታ ታወጣላት ጀመረች። ክቡር ሊቀመንበር፣ እዚህ አገር ያደገ ልጅ ሰው ሁሉ ድንገት ደግ ሲሆንበት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እናንተ ምስጢሩን በአፋችሁ ጠብቃችሁ በመዳፋችሁ ነገራችኋት። ከዚያ በኋላ «ማን?» የሚል ጥያቄ እንጂ ሌላ አልቀራትም፤ ያንን ጥያቄ ይዛ ወደ ቅርጫቱ ስትወረውር እጇ ባይታዘዛት ትፈርዱባታላችሁ?

፬. ሽማግሌዎቹ ዙሩ ባለቀ ማግስት ማለዳ ካምፑ ድረስ ሲሄዱ መኪና ስላቀረባችሁ አመሰግናለሁ። እኔም አብሬ ነበርኩ። በእምነት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጋሽ ወልደመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው ሲጀምሩ አላስጨረሰቻቸውም።

«መቼ ነው የቀበራችኋት?» አለቻቸው።

ቅዳሜ አሏት። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀች፤ ጋሽ ወልደመስቀል አቀረቀሩ። ከቀትር በፊት መሆኑን እኔ ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእምነት ከዚያ በፊት አስቆጥራ የማታውቀውን ያህል አስቆጥራ ነበር። እናንተም ከጨዋታው በኋላ በትከሻችሁ ተሸክማችኋት፣ እርሷ እጇን ዘርግታ ስትጨፍር የሚያሳየውን ቪዲዮ ቻናላችሁ ላይ ከላይ ሰቅላችሁታል። ሐዘን ላይ ተቀምጣ ይህን ቪዲዮ ደጋግማ ስታይ አገኘኋት። ራሷን የምታይ መስሎኝ ስልኩን ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ፣ የተሸከሟትን ሰዎች የሱሪ ጫፍ በጣቷ አሳየችኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ሁሉም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀይ ጭቃ ነክቷቸዋል።

«ይኼ የቤተ ክርስቲያናችን አፈር ነው፤ እኔ ያላለበስኳትን አፈር እነሱ እኔ ድረስ ይዘውት መጥተዋል» አለችኝ።

ቪዲዮውን እንድታወርዱት በትሕትና እጠይቃለሁ። እንደገና ከእርስዎ ጋር እንዲማከሩ ሽማግሌ መላክ ካስፈለገ ደግሞ ይነገረን።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። በእምነትን አልመክራትም። ትጫወት እንደሆነ እርሷ ትወስናለች፤ እስካሁን እጫወታለሁም አልጫወትምም አላለችም። ይህን ደብዳቤም ከማንም በፊት ያነበበችው እርሷ ናት፤ ወሬ ከባለቤቱ በፊት ሌላ ቤት ማደር ከእንግዲህ በእኛ ዘንድ ቀርቷል። ነገር ግን ስለ ሞራሏ ስለጠየቃችሁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋሽ ወልደመስቀል «ልጄ» ብለው ሲጠሯት ትሸሻለች። ጎረቤት ቀስ ብሎ ሰላም ሲላት ፊቷ ይለወጣል። ትናንት እኔ አክስቷ፣ ሰውነቷ መጉደሉን አይቼ፣ ከራሴ ድርሻ ሥጋ አንሥቼ ወደ እርሷ በኩል ገፋሁላት። እጇን ከገበታው ሰበሰበች፤ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝና «አክስቴ፣ አሁን ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ።

ለማኅበሩ ታላቅ ውለታ ተገቢውን ምስጋና ለማቅረብ አቅም ያነሳት፣ የሟች እህት፣ የሐዘንተኛዋ አክስት፣ ለቡድናችሁም ድልን የምትመኝ፤

ዓመለወርቅ
አረካ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ በእምነት እንድትሰለፍላችሁ የጠየቃችሁበት ቀን የእናቷ የአርባ ቀን ተዝካር የሚውልበት ቀን ነው። ተዝካሩ እስኪያልቅ ብቻ ጨዋታው እንዲቆይልን ሽማግሌ ልልክባችሁ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታ እንደ እናት ሞት ዝም ብሎ የሚቆይ ነገር አለመሆኑን ስለማውቅ ተውኩት።