እጅ የሌለው ጸጉር

ጥቅምት 6

ዛሬ ሥራ ደህና ነበር። የጸጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ አልሆኑም። እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ የጸጉር መጠቅለያ ቢጉዲን ትለቃቅማለች፣ ትስላለች። ትለቃቅማለች፣ ትስላለች። ሳሏ ደረቅ ቢሆን ምን ነበረበት... እርጥብ ነው። ከታች ተፍቆ የሚመጣ። ማጠቢያው ላይ የነበረችው ደንበኛ ሻምፑዋን እንደተለቀለቀች ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ያ የማይደርቅ መሐረብ ወጣ። ኤጭ! ምሳዬን ሳልነካው ዋልኩ።

ከተወለደች ጀምሮ አፍንጫዋ ደርቆ አያውቅም። ሰፈሩ «ንፍጦ» ነበር የሚላት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ከኔ ጋር ናት፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። አልጋው ሥር አክታዋን የምትተፋበት ኩባያ አለ። ክዳን ገዝቼለታለሁ። አሁን ክዳኑን ማየት ራሱ ያቅለሸልሸኛል።

ጥቅምት 9

ባለ ዊጓ ደንበኛዬ፣ ሌሎቹን ሁሉ ያመጣችልኝ፣ ስትወጣ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለች። «ልጅቷን አንድ በያት። ወይ እሷ ትቅር፣ ወይ እኛ።» ሳቅ እያለች ነው የምትናገረው። ውሸቷን ነው? አክታ እየሰማ ጭንቅላቱን የሚሰጥ ማን አለ?

ለወንድማችን ደወልኩ። ውሰዳት አልኩት። ሚስቴ ትጸየፋለች አለኝ። እኔስ? የኔ ሆድ ከድንጋይ ነው? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ጥቅምት 17

አተኮሳት። አክታው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሽታውን አልጽፈውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሁለቴ ጨርሳለች፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሆስፒታል ወሰድኳት።

ራጅ አንሺው ፊልሙን ሰቀለ። ነርሱ «ገልብጠኸዋል» ብሎ አዞረው። ራጅ አንሺው መልሶ አዞረው። ነርሱ ደግሞ... የሳንባ ሐኪሟ ገብታ ፊልሙን ትታ ማዳመጫዋን እህቴ ደረት ላይ አደረገች። ግራ። ከዚያ ቀኝ። ቀኝ ላይ ቆየች።

«ልቧ በቀኝ ነው» አለች።

እህቴ ሳቀች። «እትዬ፣ ድሮም ልብሽ ቦታው የለም ትይኝ አልነበር?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። አፍንጫዋስ? ጆሮዋስ? ከሕፃንነቷ ነው? መልሱን ቀድማ የምታውቅ ትመስል ነበር። በቀጭን ብሩሽ ከአፍንጫዋ ውስጥ ፋቅ አድርጋ ወሰደች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። «ችግሩ ጸጉር ሳይሆን አይቀርም፤ አየር ቧንቧዋ ውስጥ ያለው ጸጉር» አለችኝና ሌላ በሽተኛ ጠራት።

ጸጉር!

ጥቅምት 18

ሱቁን ዘጋሁ። ወለሉን የምትጠርገው እሷ ናት። ጸጉሩ ይበናል፣ ትስበዋለች... እንዴት አልታየኝም? ከተወለደች ጀምሮ መሆኑስ? እናታችንም እኮ ቤት ውስጥ ጸጉር ትሠራ ነበር!

ግድግዳውን አጠብኩ። የማጠቢያውን ቱቦ ፈታሁ። የወጣው ነገር... ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ የድመት ግልገል የሚያክል። ይሄ ነው ደረቷ ውስጥ ያለው? አስመለሰኝ። ስንት ዓመት እንጀራዬ የሆነው ጸጉር ዛሬ ዘገነነኝ። የራሴንም በሻሽ አሰርኩት።

ጥቅምት 24

ጉድ ሆንኩ። ሆስፒታል ተመልሰን ገና ከመቀመጤ «ዶክተር፣ ጸጉሩን በምን እናውጣው?» አልኳት። ግራ ገባት። ስለ ሱቁ፣ ስለ እናታችን፣ ስለ ቱቦው ነገርኳት። እህቴ እየሳለች ሳቀች፣ እየሳቀች ሳለች።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ጸጉሩ ከውጭ የገባ አይደለም፤ የበቀለ ነው። ሲሊያ ይባላል። ሁላችንም አለን፤ አፍንጫ ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ፣ በዓይን የማይታይ። ሥራው መጥረግ ነው። ንፍጡ አቧራውን ይይዛል፣ ጸጉሩ እየተቀባበለ ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል፣ እኛ ሳናውቀው እንውጠዋለን። እንውጠዋለን! ቀኑን ሙሉ! ምነው ባልሰማሁ...

ልቧም የዚሁ ጉዳይ ነው። ጽንስ ሳለን ግራና ቀኝ የሚለየው እንዲህ ያለ ጸጉር ሲሽከረከር ነው። ካልተሽከረከረ ልብ እንደ ዕድሉ ነው፤ ወይ ግራ ወይ ቀኝ።

ስክሪን ላይ የጤነኛ ሰው አሳየችኝ፤ አንድ እጅ እንደሚያበጥረው ሁሉ እኩል ይተኛል፣ እኩል ይነሣል። ከዚያ የእህቴን። አንዱ ነቅነቅ፣ ሌላው ዝም። ካስክ ሥር ተደርድረው የሚያንቀላፉ ሴቶች ይመስላሉ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለች እህቴ። «የኔ አላበረም።»

ኅዳር 3

ሌላ ከተማ የተላከው የአፍንጫዋ ናሙና ውጤት መጣ። አንዷ ጸጉር ውስጥ ዘጠኝ ጥንድ ዘንግ ዙሪያውን፣ ሁለት መሃል አሉ። ጥንዶቹ ላይ ትንንሽ እጆች አሉ፤ እየሳቡ ጸጉሩን የሚያወዛውዙት እነሱ ናቸው። የእህቴ ጸጉሮች እጅ የላቸውም። በዘር የመጣ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለም። የሳንባዋ ታች በአክታ ተሞልቶ እየተበላሸ ነው፤ ጠዋትና ማታ ካልተራገፈ ተቆርጦ ይወጣል።

«ጸጉሩ ካልሠራ በሰው እጅ ነው የሚሠራው» አለች ሐኪሟ። ጀርባ ተመትቶ ይራገፋል። ማን ይምታት? ሁለቱም አዩኝ። ነርስ አይገኝም ወይ አልኩ። እህቴ መሬት መሬት እያየች «ተዪው እትዬ፣ ራሴ እሞክራለሁ» አለች። የራስን ጀርባ እንዴት አድርጎ?

ኅዳር 4

ትራስ ወገቧ ሥር፣ ጭንቅላቷ ዝቅ። መዳፌን እንዳሳዩኝ እንደ ጭልፋ አጉብጬ ከጎድኗ ታች ወደ ላይ መታሁ። ከእጄ ሥር ነገሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ ጉርግር... ከዚያ መጣ። ተለጠጠ። አልቆረጥ አለ። ሮጬ ባልዲው ላይ ተደፋሁ። እሷ በአንድ እጇ ኩባያዋን፣ በሌላው የኔን ጸጉር ወደ ኋላ ይዛልኝ ነበር።

ኅዳር 11

ዛሬም ተጸየፍኩ። ዛሬም መታሁ።

ኅዳር 19

ባለ ዊጓ ዊጓን አውልቃ፣ የራሷ ጸጉር በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር ናት። እህቴ ጭምብል አድርጋ በአጠገቧ ብታልፍ አፍንጫዋን ያዘች። «እስካሁን አላባረርሻትም?» አለችኝ፣ ልጅቷ እየሰማች።

ያን ሁሉ ንፍጥ ሳይ እንኳ እንደ ሴትዮዋ ቀፎኝ አያውቅም። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ «እርስዎም አለዎት» አልኳት። «ቀኑን ሙሉ ይውጡታል። እርስዎ የሚጠርግልዎት ስላለ ነው የማይታወቅዎት።»

ቢጉዲኗን ሳታስፈታ ወጣች። ሌሎቹንም ይዛቸው ትሄዳለች። ትሂዳ።

ታኅሣሥ 5

ሱቁ ቀዝቅዟል። ዛሬ የተነሣችው ሲቲ ስካን ግን ደህና ነው። የተበላሸው አይመለስም፤ ሌላ አልተበላሸም። ለጊዜው መቁረጥ የለም። በዚሁ ቀጥሉ ተባልን።

ማታ መታኋት። ትንሽ ብቻ መጣ። «ይሄ ብቻ?» አልኳት። «ሌላ አለ፤ ትራሱን ከፍ አርጊው» አልኳት ደግሜ። እንደገና መታሁ። መጣ። ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ አምፖሉ ሥር ይዤ አየሁት። አረንጓዴ የለም። ነጭ ነው። አሁንም ይቀፈኛል፤ በጣም ይቀፈኛል።

ክዳኑ የት እንደገባ እንጃ።