የሰዓዳ ለስላሳ ጫማ

ኡምኩልሱም ልጄ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የአሰሪዎችሽንም ልብ ያራራልሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ገብሱም አሽቷል።

ለአክስትሽ ለሰዓዳ የላክሽላት የስፖርት ጫማ ደረሳት። ከመካነ ሰላም ገበያ ስንመለስ ዳገቱን ጥላኝ ወጣች። «ፍራሽ የረገጥሁ ይመስለኛል፤ ጣቴንም አይጫነኝ» ትለኛለች። እኔ የላስቲክ ጫማዬ ተረከዜን እየላጠኝ፣ በቅናት ከኋላዋ አዘገምሁ።

ትናንት ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ስታወልቀው አጠለቅሁትና በግቢው ዞርሁበት። ልክክ ብሎ ምችት አለኝ! አየችኝና፣ «ሀጀራ፣ ላንቺም እንድትልክ በስልክ ብነግራት፣ ‹እናቴ ጫማ አልፈልግም ብላኛለች› አለችኝ እኮ» አለች።

እንዲያ ያልሁሽ እንዳትቸገሪ ብዬ ነበር ልጄ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ በሰላም ያገናኘን። ሲሞላልሽ በሷው ጫማ ቁጥር ላኪልኝ፤ ቀለሙ ብቻ ከሷ የደመቀ ይሁን።

እናትሽ ሀጀራ