ያልመለስኩልህ ሰባት ደብዳቤዎች

ውድ ወንድሜ ተክለ ጻድቅ፣

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ጽፈህልኝ አንድም መልስ አልሰጠሁህም። ንቆኝ ነው ብለህ ከሆነ አልፈርድብህም፤ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው አስብ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤዎችህን አላነበብኳቸውም። ማንበብ አቅቶኝ ነበር።

እዚህ ሲያትል፣ ሶዶ ሰፈር ድንኳን ፋብሪካው ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ የማሽኑ ጩኸት ያንተን ጆሮ ወሰደው። ልጅህ ፀዲ ዘንድ ስፖኬን ከተማ ስትገባ «ስልክ አይሰማኝም፣ በኢሜይል ጻፍልኝ» ያልከኝ ለዚህ ነው። የኔ ዓይን ግን ሐኪሙ እንዳለው የዕድሜ ነው። ዳር ዳሩን አያለሁ፤ መሃሉ ላይ ጭጋግ ተቀምጧል። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጆሮውንና ትከሻውን እንጂ ፊቱን አልለየውም።

ሲጀምረኝ ለማንም አልተናገርኩም። ኦቴሎ ሰፈር የከፈትኳት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ገና ሰው እየለመዳት ነበር፤ ዓይኑ የደከመ ልብስ ሰፊ ማን ይፈልጋል? ኢሜይልህ ሲመጣ ፊደሉን አጉልቼ አጉልቼ ስምህን ብቻ እለያለሁ። ከሥሩ ያለው እንደ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል። «ነገ ሲሻለኝ» እያልኩ እዘጋዋለሁ።

ገመናዬን ያወጣው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ነው። አንዱን እግር ከሌላው አራት ጣት አሳጥሬ ቆርጬዋለሁ። ባለቤቴ ናፊሳ ሱሪውን ይዛ መጣች።

«ዓብዱ፣ ይኼን ዓይንህ አይቶት ነው?»

«ብርሃኑ አንሶኝ ነው።»

«በቀትር?»

ሱሪውን ከእጇ ወስጄ አጣጠፍኩት። አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ «የተክለ ጻድቅን ደብዳቤ እኔ ላንብብልህ» ስትለኝ እምቢ አልኩ። ወዳጄ የጻፈልኝን በሰው አላስነብብም አልኳት። ኩራት መስሎኝ ነበር። ለካ መፍራቴ ነው፤ ምን ብለህ እንደተቀየምከኝ ከሚስቴ አፍ መስማት አልፈለግኩም።

ልጄ ሙሀይሚን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ገዝቶ ጫነልኝ። እንግሊዝኛውን እንደ ዜና አንባቢ ያንበለብለዋል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ምንም እንዳልተጻፈ ዘሎት ያልፋል። ሙሀይሚን «ዳድ፣ ጀስት አስክ ዘም» ቢለኝ ለድርጅቱ አቤት ልል ድረ ገጹ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ሰው መሆንህን አረጋግጥ፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ አለኝ ገጹ። አምስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሰው መሆኔን ማረጋገጥ አቅቶኝ ተነሳሁ። ያን ቀን ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኤልሳቤጥን ያገኘኋት ናፊሳ ጎትታ ቤተ መጻሕፍት የወሰደችኝ ቅዳሜ ነው። ቤልቪው ከተማ የምትሠራ ኢንጂነር ናት፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት፤ በእረፍት ቀኗ እዚያ ተቀምጣ ሰው ታግዛለች። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሌላ ፕሮግራም ጫነችልኝ፣ በነፃ። ከፈተችውና በአማርኛ ተናገረ!

ግን አቤት አነጋገሩ! «ገና አልመጣም» የሚለውን «ና»ን አጥብቆ አንብቦት የገና በዓል የቀረ አስመሰለው። «ሱሪው ነገ ይሰፋል» ሲል ደግሞ ሱሪው ራሱ መርፌ ይዞ የሚቀመጥ ነው የሚመስለው። ሳቄ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቅኩ አላውቅም።

«ማንን ነው የሚመለከተው? ማመልከቻ ልጻፍ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ክፍት ነው። ውስጡን ማንም አይቶ ማረም ይችላል። ሶ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው።»

«እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ?»

«አማርኛ ያውቁ የለ? ኮምፒውተሩ ያጣው እሱን ነው።»

ክረምቱን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀመጥን። እኔ ቃል እጠራለሁ፤ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ እነግራታለሁ፤ እሷ ጽፋ ትልካለች። ፕሮግራሙን ከሚሠሩት አንዱ፣ አገሩን እንኳ የማላውቀው፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው፣ «ሁለተኛው ፊደል ላይ ድምፁ ይረዝማል ወይስ ይጠነክራል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሁለቱንም በድምፄ ቀድቼ እልካለሁ። ሁልጊዜ ደስታ አልነበረም። አንድ ጊዜ አፕዴት ብናደርገው ቃሉን ሁሉ እያጠበቀ የተቆጣ ሻምበል ሆኖ ቀረ። ለሦስት ሳምንት ከሰውየው መልስ ጠፋ፤ ተወን ብዬ ደምድሜ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ልጁ ታሞበት እንደነበረ ጽፎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ አስተካክሎ ላከው። ኤልሳቤጥ አስከትላ የአራሚዎቹን ዝርዝር አነበበችልኝ፤ ስሜ አለበት። እኔ፣ ዓብዱረዛቅ፣ ልብስ ሰፊው!

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደብዳቤዎችህን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስነበብኳቸው። የጎረቤትህን ውሻ ነገር ስሰማ ሳቅኩ። ስለ ጉልበትህ ኦፕሬሽን ስሰማ ደነገጥኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ እንዲህ አልከኝ፦ «የፀዲ ሽማግሌዎች ሰኔ ላይ ይመጣሉ። ወንድም የለኝም። ከጎኔ ተቀመጥልኝ።» በስድስተኛው እንደገና ለመንከኝ። ሰባተኛው አጭር ነው፦ «ዓብዱ፣ ወንበሩን ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም። ባዶውን ዋለ። ከእንግዲህ አላስቸግርህም።»

ማሽኑ ይህን ሁሉ ያነበበው የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው፣ ያለ ምንም ስሜት ነው። አስቆምኩት። ናፊሳ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። «ለሱ ንገረው እንጂ ለኔ ምን ይሠራል?» ብላ ላፕቶፑን ወደኔ ገፋችው።

ይኸው እየነገርኩህ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ስመታ ኮምፒውተሩ ይጠራልኛል፤ ስሳሳት እደልዛለሁ። አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ስህተት ብታገኝበት የኔ ነው፣ የማንም እጅ የለበትም።

ወንድሜ፣ ያለፈው ሰኔ አይመለስም። ለአንድ ሰው «አላይም» ብዬ ብናገር ኖሮ ወንበሩ ባዶ አይውልም ነበር። አላህ ካለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ፀዲን ይቅርታ ልጠይቃት፣ ባሏንም ልመርቀው። መምጣቴን ካልፈለግህ ጻፍልኝ። ብትቆጣም፣ ብትሰድበኝም ጻፍልኝ። ያልከውን ሁሉ ማንም ሳያነብልኝ፣ እኔው ራሴ እሰማዋለሁ።

መልስህን የሚጠብቅ ወንድምህ
ዓብዱረዛቅ
ኦቴሎ፣ ሲያትል